ታዳጊና አዛውንት በአንድ ሸራ ላይ

ታዳጊን ከአዛውንት አጠገብ ማስቀመጥ ብቻውን አያግባባቸውም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተራርቀው የኖሩ ወገኖች ሲገናኙ ንቀትና ጥርጣሬ የሚረግበው በእኩልነት ሲገናኙ፣ አንድ ዓላማ ሲኖራቸው፣ ተባብረው ሲሠሩና ተቋም ሲደግፋቸው ነው ብሏል። ኦልፖርትን በዋናነት ያሳሰበው የዘር ጥላቻ ነበር። በኋላ ግን ዕድሜን መነሻ ያደረገ መድልዎን የሚያጠኑ ሰዎችም እነዚህኑ መስፈርቶች ተዋሱ።

ኪነ ጥበብን ትውልዶችን ወደ ማቀራረብ ሥራ ያስገቡት በአብዛኛው የተግባር ሰዎች ናቸው። በ1979 ሱዛን ፐርልስታይን ኒውዮርክ ውስጥ «ኤልደርስ ሼር ዘ አርትስ» የተባለ ድርጅት መሠረተች። በድርጅቱ ታዳጊዎች አዛውንቶችን ስለ ኑሯቸው ይጠይቁ ነበር፤ የተሰበሰበው ታሪክ ቲያትር ይሆንና ሁለቱም ወገን መድረክ ላይ ይወጡ ነበር። ታሪክ ሰምቶ መርሳት ቀላል ነው። የሌላ ሰው ስደት ወይም ሥራ ማጣት በራስ አፍ፣ በራስ ትንፋሽ ሲነገር ግን ለምን እንዲያ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይላል። ለንደን ውስጥ በ1989 የተመሠረተው «ማጂክ ሚ» በበኩሉ በምሥራቁ የከተማዋ ክፍል ተማሪዎችንና የአካባቢውን አዛውንቶች በባለሙያ አርቲስት መሪነት አሠርቷል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመኝ ኤልዛቤት ሎኮን በ2007 በኦሃዮ፣ ማያሚ ዩኒቨርሲቲ የጀመረችው ፕሮግራም ነው። ተማሪዎቹ ከአሥራዎቹ ዕድሜ እምብዛም ያልራቁ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የመርሳት ሕመም ካለባቸው አንድ አዛውንት ጋር ተጣምረው በየሳምንቱ ይሠራሉ። የሚሠራው ረቂቅ ሥዕል ነው፤ ምክንያቱም ረቂቅ ሥዕል «ተሳሳትክ» የሚያሰኝ ነገር የለውም። ተማሪው ብሩሹን ነጥቆ አይሥልላቸውም፤ ቀለሙን የሚመርጡት አዛውንቱ ናቸው። «ያስታውሳሉ?» እያለም አይፈትናቸውም። አን ባስቲንግ በ1990ዎቹ ሚልዋኪ ላይ የጀመረችው «ታይምስሊፕስ»ም በዚሁ ሐሳብ ይመራል፦ ያለፈውን ከማስታወስ ይልቅ አንድ ፎቶግራፍ አይቶ አዲስ ታሪክ መፍጠር።

እኛ ዘንድ ልጅ ለአዛውንት ብድግ ብሎ መቀመጫ ይለቃል፣ ሲናገሩም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። መከባበሩ ደግ ነው፤ የኦልፖርትን የእኩልነት መስፈርት ግን አያሟላም። ታዳጊው «ይህ ቀለም ከዚያኛው ጋር አይሄድም» ብሎ ደፍሮ የሚናገረው ሥራው የሁለቱም ሲሆን ነው።

ማስረጃው በሁለቱም ወገን እኩል አይደለም። ስለ አዛውንቶቹ የተሻለ ነገር አለ፦ ተመራማሪው ጂን ኮኸን ከ2001 ጀምሮ በዋሽንግተን፣ በብሩክሊንና በሳን ፍራንሲስኮ 300 ያህል አረጋውያንን ሲያጠና፣ በባለሙያ በሚመራ የጥበብ ቡድን የተሳተፉት ሐኪም ጋ የሄዱት ካልተሳተፉት ባነሰ ጊዜ ነው፣ የወሰዱት መድኃኒትም ያነሰ ነው። የታዳጊዎቹ ለውጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚለካው ፕሮግራሙ ሊያበቃ ሲል በሚሞላ መጠይቅ ነው። አብረውት የሠሩትን አንድ አዛውንት መውደድ በአውቶቡስ ወረፋ ላይ የሚያገኛቸውን ሌላ አዛውንት እስከ መረዳት ይደርስ እንደሆነ መጠይቁ አይነግረንም።

ደካማው ፕሮግራም በቀላሉ ይለያል። ተማሪው «ብቸኛ ሽማግሌዎችን ለመርዳት» ወደ መጦሪያ ይላካል፣ የበጎ ፈቃድ ሰዓቱ ይቆጠርለታል፣ አዛውንቱም ተረጂ ሆነው ይቀራሉ። ይህ ስለ አዛውንት የነበረውን አመለካከት ያጸናል እንጂ አያፈርስም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ሪፖርት የትውልዶችን መገናኘት ከሕግና ከትምህርት ጎን ለጎን ዕድሜ ተኮር መድልዎን መቀነሻ መንገድ አድርጎ አስቀምጦታል፤ መገናኘቱ የቆመበት ገንዘብ ግን ብዙውን ጊዜ ለአንድ የትምህርት ወቅት ብቻ የሚበቃ ነው፤ ተማሪው ፈተናውን ጨርሶ ሲሄድ አዛውንቱ በሚቀጥለው ዓመት ከአዲስ ሰው ጋር እንደገና ይጀምራሉ።