ለቡርቃ ጃቶ ምን ዓይነት የጎርፍ ማኑዋል?

ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። የነቀምቴዋ ቡርቃ ጃቶ በስሟ ከመሬት የሚፈልቀውን ውኃ ብታስታውሰንም፣ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከሰማይ ወርዶ ቁልቁል የሚጋልበውን ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በ2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው ነቀምቴ፣ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ውኃዋም ተዳፋቱን ተከትሎ በመጨረሻ ወደ ዴዴሳ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይገባል። ለእንዲህ ያለች ከተማ የጎርፍ ማኑዋል ቢዘጋጅ ምን ሊጻፍበት ይገባል?

መነሻ የሚሆን ሰነድ በእጃችን አለ። የቀድሞው የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2002 አውጥቶ በ2013 ያሻሻለው የውኃ ማፋሰሻ ዲዛይን ማኑዋል አገሪቱን በዝናብ ቀጣናዎች ከፋፍሎ፣ ዝናብ በስንት ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚበረታ የሚያሳዩ ኩርባዎችን ይሰጣል። ይሁንና ሰነዱ በዋናነት የተሰናዳው መንገድን ከውኃ ለመጠበቅ ነው። ከካልቨርቱ የወጣው ጎርፍ ከታች ካለው ግቢ ሲደርስ የሚሆነው፣ ከተማዋ ራሷ ልትመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው።

የፊዚክስ ሰዎች ነንና ከቀመር ብንጀምር አይፈረድብን። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አየርላንዳዊው መሐንዲስ ቶማስ መልቫኒ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ የጎርፉ ከፍተኛ ፍሰት የሚገኘው የዝናቡን ብርታት፣ የቦታውን ስፋትና ሳይሰርግ የሚወርደውን የውኃ እጅ በማባዛት ነው። ለምሳሌ ያህል በቡርቃ ጃቶ 10 ሄክታር ተዳፋት እንውሰድ። ዝናቡ በሰዓት 90 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ቦታው ሣርና ጓሮ በነበረበት ዘመን ከውኃው 0.3 እጁ ብቻ ይወርዳል ብንል ፍሰቱ በሴኮንድ 0.75 ሜትር ኩብ ይሆናል። ጓሮው በቆርቆሮ ጣሪያ፣ በሲሚንቶና በኮብልስቶን ሲሸፈን እጁ ወደ 0.7 ያድጋል እንበል፤ ፍሰቱ 1.75 ይደርሳል። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ውኃው በፍጥነት ስለሚሰበሰብ ቦዩ የሚፈተነው በአጭር ጊዜ ዝናብ ነው፤ አጭር ዝናብ ደግሞ ይበልጥ የበረታ ነው። ብርታቱን 120 ብናደርገው ፍሰቱ 2.33፣ ማለትም ከመጀመሪያው ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ሰማዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መሬቱ ነው። ስለዚህ ማኑዋሉ ቦይን ሲለካ የዛሬውን ሰፈር ሳይሆን ከሃያ ዓመት በኋላ የሚኖረውን ሰፈር መገመት አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ተዳፋቱ ነው። ሌላው አየርላንዳዊ ሮበርት ማኒንግ ባወረሰን ቀመር መሠረት የውኃ ፍጥነት ከተዳፋቱ ካሬ ሥር ጋር ያድጋል፤ ተዳፋቱ አራት እጥፍ ሲሆን፣ ሌላው ሁሉ ካልተለወጠ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ውኃ ሊያንከባልለው የሚችለው የድንጋይ ክብደት ግን በግምት ከፍጥነቱ ስድስተኛ ርቢ ጋር ስለሚሄድ 64 እጥፍ ይሆናል። በተዳፋት ላይ ያልተነጠፈ ቦይ በጥቂት ክረምት ወደ ቦረቦርነት የሚለወጠው ለዚህ ነው። ስለዚህም ለእኛ ከተማ የፍጥነት መግቻ ደረጃዎች ከቦዩ ስፋት የማይተናነስ ቦታ ይገባቸዋል።

ሜዳማ ከተማ የሚፈልገው ምዕራፍ ሌላ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በድንገት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ዳርቻው ለመኖሪያ የተመቸ ይመስላል። እዚያ ዋናው ጥያቄ የት መሥፈር ይገባል የሚለው ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ከላይ ያለው ጎረቤት ውኃውን ወዴት ይልቀቅ የሚለው ይቀድማል። ሁለቱን በአንድ ምዕራፍ ማጨቅ ስሕተት ይመስለናል።

ተማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው «የአሥር ዓመት ጎርፍ» የሚለው አነጋገር ነው። በአሥር ዓመት አንዴ ብቻ ይመጣል ማለት አይደለም፤ በየዓመቱ የመከሰት ዕድሉ አንድ አሥረኛ ነው ማለት ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመከሰት ዕድሉ 65 በመቶ ነው። ማኑዋሉ ይህን በግልጽ ካልጻፈ፣ ቦዩ በሁለተኛው ዓመት ሲሞላ ሕዝቡ ግንበኛውን ይወቅሳል፤ አንዳንዴ እውነት ሊኖረው ቢችልም።

እነዚህ ሁሉ ስሌቶች ግን መለኪያ ይሻሉ። የተለመደው የዝናብ መለኪያ በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት በ3 ሰዓት ይነበባል። 60 ሚሊ ሜትር ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ቢውልም፣ በግማሽ ሰዓት ቢወርድም በመዝገቡ ላይ ያው 60 ነው። ለቦዩ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። በየትምህርት ቤቱ ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለው ጣሳ፣ ማስመሪያና ሰዓት ይዞ በየአሥር ደቂቃው መመዝገብ ይቻላል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው፤ 56 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,680 ሊትር፣ ማለትም ከስምንት በርሜል በላይ ይለቃል።

ቦዩን ከግንቦት በፊት ማን እንደሚጠርገው ማኑዋሉ በስም ሊጽፍ ይገባል፤ በፕላስቲክ የተሞላ ቦይ ቀመር አያውቅም። በመጨረሻዎቹ ገጾች ደግሞ ባዶ ሠንጠረዥ ይተው። ጎርፉ ካለፈ በኋላ በቦዩ ግድግዳ ላይ የሚቀረው የጭቃ መስመር ሳይታጠብ ከፍታው፣ የቦዩ ስፋትና ተዳፋቱ ከተለካ፣ በማኒንግ ቀመር የዚያን ዕለት ፍሰት ወደ ኋላ ተመልሶ ማስላት ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሜትር፣ የውኃ ልክና በማግስቱ ጠዋት ቀድሞ የሚወጣ ሰው ነው።