ያውቁ ኖሯል? ያልፈላው ቅጠል

የቻይና ባህላዊ ሐኪም ሲመረምር የበሽተኛውን ምላስ ያያል፤ ሦስት ጣቶቹን አንጓው ላይ አሳርፎ የደም ትርታውን ያዳምጣል። ሕመም «ቺ» የሚሉት የሕይወት ኃይል ፍሰት ሲዛባ ይመጣል ብሎ ስለሚያምን በቀጭን መርፌ ይወጋል፣ የደረቀ ቅጠል ቆዳ አጠገብ ያጨሳል፣ ዕፅዋት ቀምሞ ያጠጣል። የእኛ አገር አዋቂዎች በቀንድ የሚሠሩትን ዋግምትም በቀርከሃና በብርጭቆ ይሠራል። የቺን መኖር ሳይንስ አላረጋገጠም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የአንድ ቅጠል ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ቱ ዮዮ የተባሉ ቻይናዊት ተመራማሪ የወባ መድኃኒት እንዲፈልጉ ኃላፊነት ተሰጣቸው። ቺንግሃው የሚባለውን፣ ከአሪቲና ከጭቁኝ ጋር አንድ ወገን የሆነውን ተክል ሞከሩ፤ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይከሽፋል። ፍንጩን ያገኙት ጌ ሆንግ የተባለ ሊቅ ከ1600 ዓመት ገደማ በፊት ከጻፈው የመድኃኒት መጽሐፍ ነው። ሊቁ ቅጠሉን በውኃ ዘፍዝፎ መጭመቅን እንጂ ማፍላትን አያነሳም። ፈዋሹን ነገር የሚያጠፋው ሙቀቱ ይሆን? ቱ ቶሎ በሚተን ኤተር፣ በአነስተኛ ሙቀት ነጠሉት። በ1971 በአይጦችና በዝንጀሮዎች ላይ ወባውን ድራሹን አጠፋው። ለሕሙማን ከመሰጠቱ በፊት በራሳቸው ላይ ሞከሩት፤ ይህ ድፍረት ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል።

መድኃኒቱ አርቴሚሲኒን ነው፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። በጤና ጣቢያዎቻችን ለወባ ታማሚ የሚሰጠው «ኮአርተም» አንዱ ንጥረ ነገሩ ከዚሁ የተሠራ ነው።