አልፈታ ያለ የማርከር ብሎን፦ ከመታገል በፊት ምን እንደያዘው ማወቅ

የፔይንትቦል መሣሪያ «ማርከር» የተባለው በምክንያት ነው። በ1981 ኒው ሃምፕሺር ውስጥ የመጀመሪያው ጨዋታ ሲካሄድ ተጫዋቾቹ የያዙት ኔልስፖት 007 የተባለው ሽጉጥ፣ የደን ሠራተኞች ዛፍ ላይ፣ ከብት አርቢዎች ደግሞ ከብት ላይ ምልክት የሚያደርጉበት ዕቃ ነበር። ዛሬ ብዙ ማርከሮች ባትሪ፣ ሰርኪት ቦርድና በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቫልቭ አላቸው። ባለቤቱን የሚያስቸግረው ግን አሁንም ያው የጥንቱ ነገር ነው፤ ባለ ጥርስ ብረት ከሌላ ባለ ጥርስ ብረት ጋር ተጣብቆ አልፈታ ይላል።

ኮድ የምትጽፉ ሰዎች ነገሩ አይጠፋችሁም። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መስመር መቀያየር ሌላ ስህተት ይወልዳል። ብሎንም እንዲሁ ነው። የያዘው ግፊት፣ የደረቀ ቀለም፣ ማጣበቂያ ወይም ዝገት ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። አንደኛው ደግሞ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

አልፈታ ያለው የጋዝ ሲሊንደሩ ከሆነ ከዝገት በፊት ግፊትን ጠርጥሩ። በክፍል ሙቀት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘ ሲሊንደር ውስጥ ወደ 850 ፒኤስአይ ግፊት አለ። ይህ ግፊት 14 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ሲያርፍ የሚፈጥረው ኃይል 90 ኪሎ ያህል ነው፤ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጭነት ማለት ነው። ጥርሶቹ ያንን ተሸክመው ሳለ ነው በእጃችሁ ልታዞሯቸው የምትታገሉት። እንግዲህ ተጣብቋል ሳይሆን ተጭኗል ማለት ይሻላል።

መፍትሔው ጋዙን መጨረስ ነው። ኳሶቹን አውጡ፣ የዓይን መከላከያ አድርጉ፣ ማርከሩን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙራችሁ ተኩሱ። የታመቀ አየር ከሆነ መለኪያው ዜሮ እስኪደርስ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ቃታው ሲሳብ ምንም ድምፅ እስከማይሰማ ድረስ ቀጥሉ። እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ። ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሲሊንደሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ሲቀዘቅዝም ግፊቱ ይወርዳል። ያላለቀውን ያለቀ ያስመስለዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቤት ውስጥ አስቀምጣችሁ ደግማችሁ ተኩሱ።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሲሊንደሩ አንገት ላይ ሁለት የተለያዩ ጥርሶች ስላሉ ነው። አንደኛው ቫልቩን ከማርከሩ ጋር ያያይዛል፣ ሌላው ቫልቩን ከራሱ ከሲሊንደሩ ጋር። ሁለቱም የሚፈቱት በአንድ አቅጣጫ ነው። የመጀመሪያው ተጣብቆ ሁለተኛው ከላላ፣ ቫልቩ ማርከሩ ላይ ይቀርና የምታዞሩት ሲሊንደር ከቫልቩ ይለያያል። የመጨረሻዋ ጥርስ ስትለቅ በውስጡ ጋዝ ካለ ሲሊንደሩ እንደ ሮኬት ይወነጨፋል። አሜሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ ሰዎች ሞተዋል፤ የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽንም በ2004 ስለዚሁ አስጠንቅቋል።

መከላከያው ዋጋው ምንም አይደለም። በጥፍር ቀለም ከቫልቩ ወደ ሲሊንደሩ የሚሻገር አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ስታዞሩ መስመሩ ሳይሰበር አብሮ ከዞረ የሚፈታው ትክክለኛው ጥርስ ነው። መስመሩ ከተሰበረ ወዲያው አቁሙ። ወደ ኋላ መልሳችሁ ለማጥበቅም አትሞክሩ፤ የቀረ ጋዝ ካለ ተኩሳችሁ ጨርሱና ሲሊንደሩን ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡ። ሲሊንደሩን ሞርሳ ላይ አስሮ ቫልቩን በመፍቻ መጎተት የቤት ሥራ አይደለም።

አዲስ አበባ ያለ አንባቢ የሚቀጥለውን ጣጣ ብዙም አያውቀውም። ሌዊስቪልና በዙሪያዋ ባሉት የዳላስ–ፎርት ዎርዝ ከተሞች በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥማ ከዚያም በላይ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ 31 ዲግሪ ሲደርስ ግፊቱ 1,070 ፒኤስአይ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ጭራሹኑ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት አይችልም። ሲሊንደሩ ሙሉ ከሆነ ግፊቱ በፍጥነት ይወጣል፣ ሲበዛም ቫልቩ ላይ ያለችው ቀጭን የደህንነት ሳህን ተቀዳ ጋዙን ታስወጣለች። ስለዚህ ከሜዳ ተመልሳችሁ በጋለ ጋራዥ ውስጥ ሲሊንደር አትታገሉ። ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል አስገቡት፣ ይብረድ።

አልወጣ ያለው አፈሙዙ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ኳስ ፈንድቶ ጥርሱ ውስጥ የደረቀ ቀለም ነው። የኳሱ ቆዳ ጄላቲን ነው፣ ውስጡ ያለው ፖሊኢቲሊን ግላይኮልም በውኃ ይሟሟል። ሞቅ ያለ ውኃ የነከረ ጨርቅ ጠቅልሉበት፣ ጠብቁ፣ ከዚያ በጎማ ጓንት አዙሩ። ኤሌክትሮኒክ ማርከር ከሆነ ውኃው ወደ ቦርዱ እንዳይወርድ አፈሙዙን ወደ ታች ያዙት። ሰው ግን መጀመሪያ የሚያነሳው ደብልዩ ዲ 40 ነው። ቀለሙን አይፈታውም፣ አንዳንድ አምራቾችም በርጭት የሚነፋ የነዳጅ ዘር ዘይት ኦሪንጎችን ይጎዳል ብለው ይከለክላሉ። የታመቀ አየር በሚሞላበት ቀዳዳ በኩል ዘይት ከገባ ደግሞ ከፍተኛው ግፊት ሊያቀጣጥለው ይችላል።

የእጀታውና የሌሎች ክፍሎች ትናንሽ ብሎኖች ሌላ ታሪክ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ ብዙ ማርከሮች የኢንች መፍቻ ነው የሚፈልጉት። 1/8 ኢንች 3.175 ሚሊ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ሻንጣ ውስጥ የመጣው ባለ 3 ሚሊ ሜትር መፍቻ ይገባል፣ የገጠመም ይመስላል፣ ትንሽ ጫን ሲሉት ግን ተንሸራቶ የብሎኑን ስድስት ማዕዘን ክብ ያደርገዋል። በእኔ ግምት የተላጠ ብሎን ሁሉ ጥፋቱ የብሎኑ ሳይሆን የመፍቻው ነው።

መፍቻው ልክ ሆኖ ብሎኑ እምቢ ካለ ማጣበቂያ ሊኖርበት ይችላል። ሎክታይትና መሰሎቹ አየር ሲያጡና ብረት ሲነኩ የሚጠነክሩ ፈሳሾች ናቸው። ሰማያዊው በእጅ መሣሪያ ይፈታል፤ ቀዩ ግን 250 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። ሙቀቱን የት ማሳረፍ እንዳለባችሁ ግን ሰርኪት የምትበይዱ ሰዎች ከማንም ትሻላላችሁ። ባትሪውን፣ ቦርዱን፣ ፕላስቲኩንና በአካባቢው ያሉትን ኦሪንጎች አውጡ። የመበየጃ ካውያችሁን 350 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ ጫፉን የብሎኑ ራስ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፉ። ሙቀቱ በብሎኑ በኩል ወደ ማጣበቂያው ይወርዳል፣ የአሉሚኒየሙ ቀለምም እንደ ችቦ እሳት አይለበለብም። ሳይበርድ ፍቱ።

ብዙዎች ሙቀት የሚፈታው አሉሚኒየም ከብረት ይልቅ ስለሚለጠጥ ነው ይላሉ። እውነት አለው፣ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ግን እናስላው፦ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብሎን በ100 ዲግሪ ቢሞቅ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ልዩነት 0.009 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሰው ፀጉር ከዚህ ብዙ ጊዜ ይወፍራል። ልዩነቱ የዛገን ብሎን ለማነቃነቅ ይረዳል፤ ቀይ ማጣበቂያን የሚያሸንፈው ግን የማጣበቂያው መለስለስ ነው።

ጉድጓዱ ከተላጠ በትንሹ የሚበልጥ ባለ ኮከብ ቢት በመዶሻ መታ መታ አድርጋችሁ አስገቡና ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ያም ካልሆነ ወደ ግራ የሚቆርጥ የትራፓኖ ቢት አለ። ከመሃል ጀምራችሁ በዝግታ ስትበሱ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ሳያልቅ ብሎኑ ራሱ ተከትሎ ይወጣል። አዲሱን ስትመልሱ የድሮውን ማጣበቂያ ከጥርሱ ጠራርጉ፣ ከሰማያዊው አንዲት ጠብታ ብቻ አድርጉ።