የኤሌክትሪክ መረብ ትእዛዝ በምን ቁልፍ ይጠበቅ?

የኤሌክትሪክ ኃይል ከማመንጫው ተነሥቶ ከየቤቱ እስኪደርስ ድረስ፣ ከኃይሉ ጋር አብሮ የሚጓዝ ቃል አለ፤ ይኸውም ይህን መስመር አገናኝ፣ ያንን ብሬከር አቋርጥ የሚለው፣ ከመቆጣጠሪያው ማእከል ወደየማከፋፈያ ጣቢያው የሚመላለሰው ትእዛዝ ነው። ዳሩ ግን ይህን ቃል የሚያደርሱት ሥርዓቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1979 እንደ ወጣው እንደ ሞድበስ ያሉት፣ የላኪውን ማንነት ሳይመረምሩ የሚታዘዙ ሆነው በመሠራታቸው፣ በየጣቢያው የተተከለውም መሣሪያ ለአሥርታት የሚያገለግል በመሆኑ፣ ትእዛዙ በምን ይጠበቅ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም።

ከቀረቡት መልሶች ሁሉ ረቂቁ ቻርልስ ቤኔትና ዢል ብራሳር በ1984 ያወጡት ነው። እነዚህ ሊቃውንት የምሥጢሩን ቁልፍ፣ የኳንተም ቁልፍ የሚባለውን፣ በነጠላ የብርሃን ቅንጣቶች አሳድሮ መላክ እንደሚቻል አስረዱ፤ የቅንጣቲቱ ባሕርይ ሳይታወክ የማይለካ፣ አምሳያዋም የማይቀዳ ስለ ሆነ፣ በመንገድ ያደባ ሰሚ ቢኖር ከተቀባዩ ዘንድ ስሕተት ይበዛል፣ ቁልፉም ሥራ ላይ ሳይውል ይጣላል። ፒተር ሾር በ1994 የኳንተም ኮምፒዩተር ዛሬ የምንታመንባቸውን የሒሳብ ቁልፎች ሊፈታ እንደሚችል ካሳየ ወዲህ አሳቡ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ።

የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ ሙከራዎች የሆኑት የኦክ ሪጅና የሎስ አላሞስ ተመራማሪዎች፣ በቴነሲ ግዛት በቻታኑጋ ከተማ የኤሌክትሪክ ድርጅት ፋይበር ላይ በዚህ መንገድ የተገኘ ቁልፍ የመረቡን መልእክት ለማረጋገጥ እንደሚያገለግል በተግባር አሳይተዋል። ሆኖም ብርሃኑ በፋይበር ውስጥ 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ አንድ አሥረኛው፣ 100 ሲጓዝ አንድ መቶኛው ብቻ ይተርፋል፤ ስለዚህ በረጅም መስመር ቁልፉን የሚቀባበሉ፣ ራሳቸውም ዘበኛ የሚሹ ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ። ፋይበሩ ከምሰሶ ምሰሶ በተዘረጋበትም ስፍራ ነፋስና መብረቅ የብርሃኑን ሁኔታ ያናውጡታል። የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ዘዴው የላኪውን ማንነት በራሱ አያረጋግጥም፣ ልዩ መሣሪያም ይጠይቃል በማለት ለአገር ደኅንነት ሥርዓቶች አይመክረውም፤ የአገሪቱ የደረጃዎች ተቋምም በነሐሴ 2024 የኳንተም ኮምፒዩተርን ይቋቋማሉ የተባሉ ሦስት የሒሳብ ደረጃዎችን አውጥቷል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በዩክሬን የሆነው ነው። በዲሴምበር 23 ቀን 2015 የማከፋፈያ ድርጅቶች ሠራተኞች፣ እጃቸው ሳይነካው የኮምፒዩተራቸው ጠቋሚ ብሬከሮቹን ተራ በተራ ሲያቋርጥ እያዩ፣ 225,000 ያህል ደንበኞች መብራት አጡ። አጥቂዎቹ አስቀድመው በላኩት የማታለያ ኢሜይል ሰርገው፣ ከሠራተኞቹ በተሰረቀ መለያና የይለፍ ቃል ገቡ እንጂ በመንገድ ላይ ያለ ምሥጢር አልፈቱም፤ መስመሩ በኳንተም ቁልፍ ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ፣ የእነርሱም ትእዛዝ በዚያው ጥበቃ ከጣቢያው ይደርስ ነበር። ስለዚህ ይህ ጥበብ በአንድ ድርጅት ይዞታ ባሉ፣ ተቀራርበው በተተከሉ ጣቢያዎች መካከል እውነተኛ ስፍራ እንዳለው ባምንም፣ ገንዘቡ አስቀድሞ የሚገባው ሠራተኛው ከርቀት ሲገባ ማንነቱን በሁለተኛ ማረጋገጫ ለሚጠይቀው በር ነው።