በጭቃ ውስጥ በተተከሉ ግንዶች ላይ የቆመችው ቬኒስ

በሰሜን ምሥራቅ ጣልያን የምትገኘው ቬኒስ ረጃጅም የአሸዋ ደሴቶች ከአድሪያቲክ ባሕር በከለሉት ጥልቀት የሌለው ጨዋማ ሐይቅ መካከል የተቆረቆረች ከተማ ናት። 118 ትናንሽ ደሴቶቿን ከ400 የሚበልጡ ድልድዮች ያገናኟቸዋል። በጎዳናዎቿ መኪና አይሄድም፤ አውቶብሱም፣ አምቡላንሱም፣ ቆሻሻ ሰብሳቢውም ጀልባ ነው። ይሁን እንጂ እጅግ የሚያስደንቀው የከተማዋ ክፍል ለዓይን የሚታየው ሳይሆን ከሥር የተቀበረው ነው።

የቬኒስ ታሪክ ከስደት ጋር የተያያዘ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ568 ዓ.ም ሎምባርዶች የተባሉ ሕዝቦች ጣልያንን ሲወርሩ፣ በርካታ የየብስ ነዋሪዎች ጦር በቀላሉ ወደማይደርስባቸው ረግረጋማ ደሴቶች ሸሹ። መሬቱ ግን ለስላሳ ጭቃ በመሆኑ የድንጋይ ሕንጻ መሸከም አይችልም ነበር።

ግንበኞቹ ለዚህ መላ ዘየዱ። ጫፋቸው የሾለ ግንዶችን እጅግ አቀራርበው ወደ ጭቃው በመትከል መሬቱን አጠበቁት። ሠራተኞች ከባድ መምቻ በእጃቸው እያነሡ፣ ጉልበታቸው በአንድ ምት እንዲያርፍ እየዘፈኑ ግንዶቹን ያሰምጡ ነበር። በግንዶቹ ላይ ሳንቃ ይነጠፋል፤ በሳንቃው ላይ ውኃ በቀላሉ የማያሰርገው ድንጋይ ይደረደራል፤ የጡብ ግንቡ የሚጀምረው ከዚያ በላይ ነው። ከ1630 ዓ.ም ጀምሮ የከተማዋን ነዋሪ ሢሶ ያህል የፈጀው ወረርሽኝ ሲያበቃ በስእለት የታነጸው የሳንታ ማሪያ ዴላ ሳሉቴ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ሚሊዮን በሚበልጡ ግንዶች ላይ እንዳረፈ ይነገራል።

እንጨቱ ለዘመናት የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። እንጨት ፈጥኖ የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር አብረው ሲያገኙት ነው። በጭቃና በውኃ የተዋጠ ግንድ ግን አየር ስለማያገኝ ብስባሴው እጅግ ዝግ ያለ ይሆናል።

ቬኒሳውያን ሐይቁንም እንደ ሕንጻዎቻቸው ጠብቀውታል። ወንዞች የሚያመጡት ደለል ሐይቁን ሞልቶ ከየብስ ጋር እንዳያገናኘው በመስጋት በ1501 ዓ.ም የውኃ ጉዳይ የሚከታተል መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ እንደ ብሬንታና ፒያቬ ያሉ ወንዞችንም አቅጣጫ አስቀየሩ። ውኃው ምሽጋቸውም የንግድ መንገዳቸውም ነበርና። የንግድ ዝናዋ ከሩቅ ይሰማ ስለነበር፣ በ1402 ዓ.ም ከኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት ከዐፄ ዳዊት የተላከ ልዑክ ነብሮችን ጨምሮ ስጦታዎችን ይዞ ቬኒስ ደርሷል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሚዛኑ ተዛባ። በአቅራቢያዋ የተስፋፉት ፋብሪካዎች የከርሰ ምድር ውኃ በብዛት በመሳባቸው መሬቱ ዝቅ አለ። ድርጊቱ በ1970ዎቹ ቢገታም የሰጠመው መሬት አልተመለሰም፤ የባሕሩ ከፍታም እየጨመረ ሄደ። በኅዳር 1966 ዓ.ም ማዕበሉ 194 ሴንቲ ሜትር፣ በኅዳር 2019 ዓ.ም ደግሞ 187 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ከተማዋን አጥለቀለቃት። ውኃው ከመሠረቱ ድንጋይ አልፎ ጡቡን ሲነካ፣ ወደ ግንቡ የሚሰርገው ጨው ሲደርቅ ጡቡን እየፈረፈረ ይጥለዋል።

መፍትሔ እንዲሆን የተሠራው ሞዜ የተሰኘ የባሕር መዝጊያ ሲሆን በጥቅምት 2020 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ ማዕበል አግዷል። ሐይቁ ከባሕር በሚገናኝባቸው ሦስት በሮች 78 የብረት መዝጊያዎች በውኃ ተሞልተው ከባሕሩ ወለል ላይ ተኝተዋል፤ ማዕበል ሲመጣ አየር ተነፍቶባቸው ይነሣሉ። ሆኖም ባሕሩ ከፍ ባለ ቁጥር በሮቹ ደጋግመው ይዘጋሉ፤ ሐይቁ ከባሕሩ ጋር የሚለዋወጠው ውኃ ይቀንሳል፤ የመርከቦች እንቅስቃሴም ይስተጓጎላል።

ሌላው ሥጋት የነዋሪዎቿ መመናመን ነው። በ1951 ዓ.ም በጥንታዊቷ ከተማ 175 ሺህ ያህል ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ዛሬ ቁጥራቸው ከ50 ሺህ በታች ወርዷል። የቤት ዋጋ ንሯል፤ በርካታ መኖሪያ ቤቶችም ለጎብኚዎች ማደሪያነት ውለዋል። አስተዳደሩ ከሚያዝያ 2024 ዓ.ም ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ለአንድ ቀን ከሚመጡ ጎብኚዎች የመግቢያ ክፍያ መሰብሰብ ጀምሯል።

ቬኒስ እስከ ዛሬ የቆመችው በግንዶቿ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ቦዮቿን የሚጠርጉ፣ ግንቧን የሚጠግኑ፣ ውኃዋን የሚከታተሉ ሰዎች በየትውልዱ ስለነበሯት ጭምር ነው። ማዕበሉን የሚያግድ በር ተሠርቶላታል፤ ነዋሪዎቿን የሚያቆይ መላ ግን ገና በፍለጋ ላይ ነው።