የእግረኛ መኝታ በአሶሳ ቆላ

ባለፈው የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ስድስት ተማሪዎች ሆነን ከአሶሳ ከተማ ተነሥተን፣ በሆሞሻ በኩል ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ አራት ቀን በእግራችን መጓዛችንን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ከተመለስን ወዲህ በምግብ አዳራሹ የሚቀርብልን ጥያቄ ስለ እግራችን መላላጥ ወይም ስለ ስንቃችን አይደለም፤ «የት ተኛችሁ? ምን ለብሳችሁ አደራችሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀን ሲጓዝ የዋለ ሰው ሌሊቱን ካልተኛ በማግሥቱ እግሩ አይታዘዝለትም፤ መኝታ አብዝቶ የተሸከመ ደግሞ ከመኝታው ሳይደርስ ይደክማል። በሁለቱ መካከል ያለውን ነገር ከነስሕተታችን እንጽፋለን።

ስለ ቀላል መኝታ አጥብቀው ያሰቡት የበረሃ ሯጮች ናቸው። እኛ ኢትዮጵያውያን ሩጫ ሲባል ሐሳባችን ከ42 ኪሎ ሜትር አያልፍም፤ ነገር ግን በሞሮኮ ሰሐራ «ማራቶን ደ ሳብል» የሚባል፣ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ያለውና አንድ ሳምንት ገደማ የሚፈጅ ውድድር አለ። ፓትሪክ ባወር የተባለ ፈረንሳዊ በ1984 በፈረንጅ አቆጣጠር 35 ኪሎ ግራም ተሸክሞ 350 ኪሎ ሜትር የሚሆን የሰሐራ ምድር በ12 ቀን ብቻውን በእግሩ አቋረጠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በ1986 ውድድሩን ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት የተሰለፉት 23 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሯጩ ስንቁንና መኝታውን በጀርባው ይይዛል፤ ውሃና የሌሊት ድንኳን ግን ከአዘጋጆቹ ይሰጠዋል። በውድድሩ ደንብ ሸክሙ በመነሻው ላይ ከ6.5 ኪሎ ግራም እንዳያንስ፣ ከ15 እንዳይበልጥ ተወስኖ ቆይቷል። ስለዚህ የጥርስ ብሩሹን እጀታ ቆርጦ የሚጥል ሯጭ አለ። ይህን ስንሰማ ሥቀን ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ግን ዳገት ላይ ሆነን አልሣቅንም።

እነዚህ ሰዎች የሚመርጡት በላባ የተሞላ የመኝታ ከረጢት ነው። ምክንያቱን መረዳት ይጠቅማል። ልብስ በራሱ ሙቀት የለውም፤ ምድጃው የሰው ገላ ነው፤ ልብሱ የሚሠራው ሥራ የማይንቀሳቀስ አየር ይዞ የገላን ሙቀት እንዳያመልጥ ማገድ ነው። የዝይና የዳክዬ የደረት ላባ በጥቂት ክብደት ብዙ አየር ስለሚይዝ በዚህ የሚወዳደረው አይገኝም። የኛም ጋቢ ብልሃቱ ያው ነው፤ አራት ድርብ የሆነው በከንቱ አይደለም፤ በየድርቡ መካከል አየር አለ። ነገር ግን ላባ ከረጠበ ይጣበቃል፤ የያዘውን አየር ይለቃል፤ ቶሎም አይደርቅም። በሰሐራ አየሩ ደረቅ ስለ ሆነ ይህ ብዙ አያሳስብም።

አሶሳ ግን ሰሐራ አይደለችም። የደጋ ሰው ሞቃት ቆላን ሁሉ «በረሃ» ብሎ መጥራት ልማዱ ነው፤ በዚህ ስም ተታለን የሯጮቹን ዝርዝር እንዳለ ለመቅዳት አስበን ነበር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ፣ ዙሪያዋን የሽመል ደን ያለባት ናት። ወደ ሱዳን ወሰን ሲወርዱ ሙቀቱ ይበረታል። በዚያ የሚያድር ሰው ጠላቱ ብርድ ሳይሆን ርጥበት፣ ምስጥና ትንኝ ነው። ከሯጮቹ መውሰድ ያለብን ዕቃቸውን ሳይሆን ልማዳቸውን ነው፤ ማለትም እያንዳንዱን ነገር በሚዛን ላይ አስቀምጦ «አንተ ሌሊት ምን ትሠራልኛለህ?» ብሎ መጠየቅ።

ጋቢ ይህን ጥያቄ እንዴት እንደ መለሰ እንንገራችሁ። የአንዱ ጓደኛችን ጋቢ በሱቅ ሚዛን 1.5 ኪሎ ግራም ሆነ። ማታ ይለበሳል፤ ጠዋት ትከሻ ላይ ይጣላል፤ ሲጠቀለል ትራስ ይሆናል። ቢሆንም በቆላው እኩለ ሌሊት ድረስ አላስፈለገም፤ ወደ ንጋት ላይ ብቻ ቀዝቀዝ አለ። በወንዝ ዳር ያደርን ዕለት ጤዛ ጠጥቶ ከበደ። መሬት ላይ ጥለነው ደግሞ ጫፉን ምስጥ ጀመረው፤ ምስጥ ጥጥ ይወዳልና። ነጠላ የያዙት ሸሚዛቸውን ደርበው በደኅና አደሩ። ለበጋ ጉዞ ነጠላ ይበቃል እንላለን፤ እናቶቻችን ይህን ገጽ እንዳያነቡብን እንጂ።

ከላይ ከሚለበሰው ይልቅ ከታች የሚነጠፈው ይበልጣል። ከገላ በታች የተጨፈለቀ ልብስ አየር ስለማይዝ መሬቱ ሙቀትን ይስባል። ከመካከላችን አንዱ በአፍ የሚነፋ ፍራሽ ገዝቶ መጥቶ ነበር። በመጀመሪያው ማታ በሆሞሻ አካባቢ ያሳደሩን የበርታ ሽማግሌ ፍራሹ ሲነፋ ቆመው አዩና፣ «ልጆቼ፣ አልጋ እቤት እያለ አየር ተሸክማችሁ ትዞራላችሁ?» ብለው ከሽመል የተሠራውን አልጋ አሳዩን። «አባባ፣ እንዳናስቸግርዎ ብለን ነው» ብንልም አልሰሙንም። ከሁሉ የቀለለ መኝታ ያልተሸከሙት መሆኑን ያን ሌሊት ተማርን። ፍራሹስ? በማግሥቱ እሾኽ በሳውና አየሩ ወጣ። ስስ ስፖንጅ የያዘው ሰው እስከ መጨረሻው ተመችቶት ተኛ፤ ስፖንጅ ቢበሳም ስፖንጅ ነውና። ከስፖንጁ በታች ሁለት ማዳበሪያ ቀድዶ እርስ በርሱ መስፋት ርጥበትንም ምስጥንም ይከለክላል፤ ክብደቱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አሁን ወደ ከበደን ነገር እንምጣ። በመነሻችን ዋዜማ ጥቅላችንን ስንመዝን ስድስት አጎበር ነበረን፤ እያንዳንዱ 450 ግራም። አንዳችን፣ «ጥር ነው፤ ዝናብ የለም፤ ትንኝ ከየት ይመጣል?» አለ። ክርክር ሳናበዛ ሁሉም ተስማማና ሁለቱን አጎበር ትተን በአራቱ ተጣምረን ለመተኛት ወሰንን። ያተረፍነው 900 ግራም ነው፤ ለስድስት ሲካፈል ለያንዳንዳችን 150 ግራም፣ ይኸውም ከአንድ ሳሙና ብዙም የማይበልጥ።

ነገር ግን በበጋ ወንዝ ሲጎድል በየጉድጓዱ የሚቀረው የረጋ ውሃ ለትንኝ መራቢያ ነው። በአገራችን ወባን በዋናነት የሚያስተላልፈው አኖፊሊስ አረቢየንሲስ የሚባለው ትንኝ ከምሽት ጀምሮ፣ ከቤት ውጭም ጭምር ይነድፋል። ለአንድ ሰው በተሠራ አጎበር ሁለት ሲተኙበት ክንድና ጉልበት ከመረቡ ይጣበቃል፤ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ትንኙን ቢገድልም፣ የተጣበቀን ገላ ከመነደፍ ሁልጊዜ አያድንም። በተመለስን በ10ኛው ቀን ከተጣመሩት አንዱ በብርድ ብርድ ተንቀጠቀጠ፤ ምርመራው ፋልሲፓረም ወባ ሆነ። አሁን ድኗል፤ ሆኖም አንድ ፈተና አምልጦታል። አጎበሩ ይቅር ያለው እሱ አልነበረም፤ ሐሳቡ ሲቀርብ ዝም ያለ ሰው ነበር። በየትኛው ሌሊት እንደ ተነደፈ መማል አንችልም፤ ሒሳቡ ግን የኛ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ወርቅ ቁፋሮ የሚሄድ ሰው በመንገድ አግኝተን ነበር። ጥቅላችንን አይቶ፣ «ለስንት ወር ነው የምትሄዱት?» ሲል ጠየቀን። የሱ መኝታ በሙሉ አንድ ማዳበሪያ፣ አንድ አንሶላ፣ አንድ ላስቲክና አንድ አጎበር ነበር፤ በእጃችን ስንገምተው ሁለት ኪሎ አይሞላም። አጎበሩን ለምን እንዳልተወው ስንጠይቀው፣ «ወርቁን ዛሬ ባጣው ነገ እቆፍራለሁ፤ ወባ ከያዘኝ ማን ይቆፍርልኛል?» አለን። ይህን የሰማነው በሁለተኛው ሌሊት ከተነደፍን በኋላ መሆኑ ነው የሚቆጨን። በዚያው መንገድ፣ ከ2023 በፈረንጅ አቆጣጠር የሱዳን ጦርነት ወዲህ፣ በኩርሙክ በኩል የተሰደዱ ብዙ ሰዎች ተጉዘዋል፤ ለነሱ ቀላል መኝታ ምርጫ አልነበረም።

አጎበር ስትመርጡ በአንድ ገመድ ከቅርንጫፍ የሚሰቀለው ለጉዞ ይሻላል፤ ጫፉን ከስፖንጁ ሥር መጠቅጠቅ አትርሱ። በወንዝ አትጠቡት፤ መድኃኒቱ ዓሣ ይገድላል። ከምሽት ጀምሮ እጅጌ ረዥም ሸሚዝ ልበሱ። ጠዋት ጫማችሁን ሳታራግፉ አታጥልቁ፤ ጊንጥ በጨለማ ቦታ መጠለል ይወዳል። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከተሰማችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ቆላ ማደራችሁን ተናገሩ። በግንቦትና በክረምት ስለሚደረግ ጉዞ ገና አልሞከርንምና አንጽፍም፤ ላባ ግን እቤት ይቆይ።

በመጋቢት ለሚደረገው የሁለት ሌሊት ጉዞ የሚመዘገቡ ጓደኞች ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጥቅላቸውን ይዘው በኅብረቱ ክፍል እንዲገኙ እንጠይቃለን። ሚዛኑን ከሱቅ እንዋሳለን። አጎበር የሌለበት ጥቅል አይመዘንም።