የግራፊክስ ካርድ አገጣጠም

ባሕር ዳር ከመሣሪያና ከኤሌክትሪክ ጋር የተዋወቀችው ቀደም ብላ ነው። የፖሊ ቴክኒክ ተቋሟ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ የጢስ ዓባይ የውሃ ኃይል ማመንጫም በተከታዩ ዓመት ሥራውን ጀምሯል። ዛሬ ደግሞ በጣና ዳርቻ ባሉ አንዳንድ መኖሪያ ቤቶች ኮምፒዩተር ይገኛል። ኮምፒዩተር ሲያረጅ በሙሉ አይጣልም፤ የደከመው ክፍሉ ተነቅሎ በአዲስ ሊተካ ይችላል። ከነዚህም ክፍሎች አንዱ የግራፊክስ ካርድ ነው።

የግራፊክስ ካርድ በሞኒተር ላይ የሚታየውን ምስል አስልቶ የሚያዘጋጅ ክፍል ነው። ምስሉ የሚሠራው ከጥቃቅን ነጥቦች ነው። ለምሳሌ በአግድም 1,920፣ በቁመት 1,080 ነጥቦች ያሉት ሞኒተር በጠቅላላው 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ምስሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ፣ ካርዱ በየሴኮንዱ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ቀለም ማቅረብ ይኖርበታል። ይህ ሥራ ሙቀት ስለሚፈጥር አብዛኞቹ ካርዶች የራሳቸው ፋን አላቸው።

ካርዱ ከመገዛቱ በፊት ሦስት ነገሮች ይመረመራሉ። አንደኛ፣ ማዘርቦርዱ ተስማሚ ማስገቢያ ያለው መሆኑ ይረጋገጣል፤ አብዛኞቹ ላፕቶፖች ይህ ማስገቢያ የላቸውም። ሁለተኛ፣ የሳጥኑ ውስጣዊ ስፋት ለካርዱ ርዝመት የሚበቃ መሆኑ ይለካል። ሦስተኛ፣ የፓወር ሰፕላዩ አቅም ይታያል። ረጅሙ ማስገቢያ ለካርዱ የሚሰጠው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ ከዚህ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በሚመጣ ሽቦ ተጨማሪ ኃይል ማግኘት አለበት። ይህን ሳያጣራ የሚገዛ ሰው ለረጅም ጊዜ ያጠራቀመውን ገንዘብ ከፍሎ የማይገጥምለትን ዕቃ ይዞ ይመለሳል።

የመግጠሙ ሥራ የሚጀምረው ኮምፒዩተሩን በማጥፋትና ሶኬቱን ከግድግዳው በመንቀል ነው። ከዚያም የሳጥኑ ክዳን ይከፈታል። ሠራተኛው ካርዱን ከመንካቱ በፊት የሳጥኑን ብረት በእጁ ይነካል፤ በሰውነቱ ላይ የተጠራቀመው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ወደ ካርዱ ቢያልፍ ስስ ክፍሎቹን ሊያበላሽ ይችላልና። ቀጥሎ አሮጌው ካርድ ካለ ሽቦው ይነቀላል፤ ብሎኑ በካቻቢቴ ይፈታል፤ የማስገቢያው መያዣ ተጭኖ ካርዱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አዲሱ ካርድ በቦታው ከተስተካከለ በኋላ መያዣው እስኪቆልፍ ድረስ በእኩል ኃይል ይጫናል፤ በብሎን ይታሰራል፤ የኃይል ሽቦውም ይሰካለታል። የሞኒተሩ ገመድ ከማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ከአዲሱ ካርድ ላይ መሰካት አለበት። በመጨረሻም ክዳኑ ተዘግቶ ኮምፒዩተሩ ይበራል፤ ካርዱን የሚያሠራው ድራይቨር የተባለው ፕሮግራምም ይጫናል። የፓወር ሰፕላዩ ሣጥን ግን ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ፈጽሞ መከፈት የለበትም።

የአካባቢው ሁኔታም ሊታሰብበት ይገባል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ በፋኑ ግፊት የሚያልፈው አየር ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያነሰ ነው። በበጋ አቧራ ሲጨመርበት ካርዱ ይበልጥ ይግላል። ስለዚህ ፋኑን በየጊዜው ማጽዳት ያስፈልጋል። በክረምትም መብረቅ ሲበዛ ሶኬቱን መንቀል ይበጃል።

እንግዲህ እያንዳንዱ ተግባር በቦታው የተቀመጠው በምክንያት ነው። ሶኬቱን ሳይነቅል ክዳኑን የሚከፍት ሰው ራሱንም ንብረቱንም ለአደጋ ያጋልጣል። አሠራሩን ለሌላ ሰው በጽሑፍ የሚገልጽም ቢሆን ቅደም ተከተሉን ካዛባ አንባቢውን ለዚያው አደጋ ይዳርገዋል። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ በሥራም ሆነ በጽሑፍ ቀዳሚውን ከተከታዩ መለየት ከጉዳት ያድናል።